የአስታ እንጨት ለባሕር ድንጋይ

ይድረስ ለውድ እኅቴ፣ ጅቡቲ

እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ከባሕር በሰላም ይመለሳል? እኛ፣ የፈጠረን ይመስገን፣ ዘመሮ ላይ ብርዱን ለብሰን በጤና አለን። እምዬ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። አባባም ደህና ናቸው፤ ቅዳሴም ሆነ የጓሳ ኮሚቴ ስብሰባ አምልጧቸው አያውቅም። ይህን የምጽፍልሽ ስልኩ ሰሞኑን ሀሎ ሀሎ ከማሰኘት በቀር ስላላስወራን ነው። ደግሞም የምነግርሽን ነገር አባባ ባሉበት ቤት ጮክ ብዬ ላወራው አልችልም። ሾፌሩ ትዕዛዙ ሲመለስ ያደርስልሻል።

እታለም፣ ላንቺ ስል ላብድ ነው። መጀመሪያ ይህን ተረጂልኝ።

ትዕዛዙ የባሕር ውኃውን በጀሪካን፣ ሁለቱን ብርቱካናማ ዓሦችና ያን ድንጋይ መሳይ ኮራል በላስቲክ አስረክቦኝ፣ አባባ የምኖርበትን ባሕር በዓይናቸው ይዩልኝ ብላለች ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አባባ፣ የስንቱን ትዳር የባረኩ ቄስ፣ አንቺ ያለ እሳቸው ምርቃት ያን ዓሣ አጥማጅ ካገባሽ ወዲህ ስምሽን አያነሱም። ማታ ሲጸልዩ የልጆቻቸውን ስም የሚጀምሩት ከእኔ ነው፣ የበኩር ልጅ እኔ የሆንኩ ይመስል። ባሕሯን ካዩላት ልባቸው ይራራል ብዬ ተነሳሁ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አንድ የዓሣ ገንዳ ያቅተዋል? አልኩ። አቃተኝ።

ገንዳውን ከመስኮት መስታወት ሠራሁ። የወንዝ ውኃ ሞልቼ ስፈትነው ማጣበቂያው ለቀቀና ሳሎኑ ጨቀየ፤ እንደገና ሠራሁት። ማሞቂያውን ከአሮጌ ካውያ አወጣሁ። ካውያ ግን ልብስ እንጂ ዓሣ አያውቅም፤ በርቶ ቀረና አንደኛውን ዓሣ ቀቀለው። እምዬ ሁዳዴ ሆነ እንጂ ጨው እንኳ አያስፈልገውም ነበር ብላ ቀለደችብኝ። አየር መንፊያውን ከተጣለ ፍሪጅ ሞተር ሠራሁ፣ ዘይት ተፋበት። መብራቱም በፈለገው ሰዓት ይጠፋል፤ ያኔ የመኪና ባትሪ ተሸክሜ እሮጣለሁ። ለተረፈው ዓሣ እንቁላል ቀቅዬ ላድቅቅለት ብል፣ እምዬ በጾም በእኔ መክተፊያ አይሞከርም አለችኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን አባባ ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ማጣሪያው ነው። ኮራል ውኃው ካልጠራለት አይኖርም። ረጅም ቱቦ ታቆሚና ከሥሩ በጣም የደቀቀ አየር ትለቂበታለሽ፤ አረፋው እድፉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አየሩን የሚያደቀው ደግሞ ጫፉ ላይ የሚሰካ ቁራጭ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ብሰካበት ውኃው የጉንፋን እንፋሎት ሸተተ፣ ኮራሉም ጣቶቹን ሰብስቦ ተዘጋ። ጽድ ሞከርኩ፣ ሙጫ ለቀቀ። አናጺው ወልደ ጻድቅ ለዚህ የሚሆንህ አስታ ብቻ ነው አለኝ። ያ የደጋ ቁጥቋጦ ያለው ጓሳ፣ የጋራ ሣር ምድራችን ላይ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ዝግ ነው።

የሀገራችንን ሕግ ታውቂው የለ? ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ሣሩም ጭራሮውም አይነካም። እኔ ግን ለአንዲት ቅርንጫፍ ማን ያየኛል ብዬ ሄጄ ቆረጥኩ። ጠባቂው ምንይሉ አየኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የእኛው አባባ ናቸው። በሕዝብ ፊት አቁመው፣ ልጄ ስለሆነ ቅጣቱ ይጥናበት አሉ። ጓሳ ሲከፈት ከእኛ ቤት ሣር ሊያጭድ የሚገባ ሰው እንዳይኖር ተወሰነ። የሚያፈሰው እኮ የራሳቸው ማድቤት የሣር ጣሪያ ነው! ቅርንጫፏንም ቀሙኝ። ለእኅቴ ብዬ ነው ብዬ ጮህኩባቸው። አባባ መሬት መሬት አዩ።

ተናደድኩ፣ እታለም። ሰላምታ እንኳ ነፈግኳቸው። ኮራሉ ከቀን ወደ ቀን እየነጣ ሄደ። ይህ ከሞተ እኔም አባት የለኝም ብለሽ በስልክ ያለቀስሽው ያኔ ነው። ምን ልመልስልሽ? ኔትወርኩም አዘነልኝ መሰለኝ ተቆረጠ።

ባለፈው ማክሰኞ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቄ ገቡ። ገብተው አያውቁም። መጋዝ አለህ ወይ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው። መቋሚያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙና ከግርጌው በኩል ይገዘግዙት ጀመር። ኧረ አባባ ብዬ ልይዛቸው ብል እጄን ገፉት። ይህ አስታ ጓሳ በተከፈተ ዘመን አያትህ በደንቡ የቆረጡት ነው፣ ያንተው እርጥብም የስርቆትም ነበር አሉ። ደግሞ እኔ እያጠርኩ ስለሆነ ረዝሞብኛል አሉ። በሁዳዴ! ያን ሁሉ ሰዓት የሚቆሙት እኮ እሱን ተደግፈው ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልደብቅሽም።

እንጨቱን ቀርጬ ሰካሁት። አረፋው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ውኃው ቀስ በቀስ ጠራ፣ ኮራሉም ጣቶቹን ዘረጋ። ትናንት አባባ ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አዙረው ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ይህ እንጨት ምን ያህል ይቆያል አሉኝ። ቶሎ ይደፈናል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት አልኳቸው። የቀረውን መቋሚያ ከራሱ እስከ ግርጌው አዩትና፣ እንግዲያ ይህ ሳያልቅ ትምጣ አሉ። ስምሽን አልጠሩም፤ እኔም ማን ብዬ አልጠየቅሁም። ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ዞር ብለው፣ የባሕር ሰው ብርዳችንን አይችለውም አሉ።

እምዬ ይህን ሰምታ ተነሳች። ያስቀመጠችውን የበግ ጸጉር በሙሉ አወረደችና ለብርድ የሚደረብ ባና ሊሆን መፍተል ጀመረች። ለአንድ ሰው ባና በጣም ብዙ ነው።

እንግዲህ ሌላ ዓሣ እንዳትልኪብኝ፤ የቀረው ይበቃኛል። መንገድሽን እመብርሃን ትምራው። የባለቤትሽ መረብ ባዶውን አይውጣ። ደጃችን ላይ በጤና ያገናኘን።

በአንቺ የተማረረው ታናሽ ወንድምሽ
ከዘመሮ