በተጨበጠ እጅ የተለካው በትር

ለክቡር ባላምባራስ ዓምደሚካኤል፣ የሶዶ ገበያ ሹም፤

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ ይሁን እያልሁ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማው በዋርካው ሥር የሚነበበውን ይህን ደብዳቤ እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ።

እኔ ክንደ ረጅሙ እሸቴ ነኝ። እንደሚያውቁት በገበያችን አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴውም እያጉረመረመ በዚያው ክንድ ይለካል። ዘመድ የሌለው ሁሉ የእኔን ክንድ ሲዋስ ኖሯል፤ ከዚህ ሌላ የምኮራበት ሀብት አልነበረኝም።

እርስዎ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ግን «ስታንዳርድ» የሚባል የእንግሊዝ ቃል ይዘውልን መጡ። ለሁሉ እኩል የሆነ ልክ ማለት እንደሆነ፣ ደግሞም የዕቃ ጥራት የሚመዘንበት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱን። ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የቀረኝ ቅሬታ ይህ ነው።

፩ኛ. ለገበያው አንድ በትር ሲያስቆርጡ የእኔን ክንድ መረጡ። ጣቶቼን ዘርግቼ ስቀርብ፣ የሠለጠነ ክንድ እጅ ተጨብጦ ነው የሚለካው ብለው አዘዙኝ፤ በትሩም ከክርኔ እስከ ጭብጤ ተቆረጠና «የእሸቴ ክንድ» ተብሎ ታወጀ። አቡጀዲ ሻጩ አማችዎ መሆናቸውን በዚያ ክብር መካከል ማንሳት ነውር መሰለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ።

፪ኛ. ሸማኔዎች ለግብር የሚያመጡት ቡልኮ ዛሬም በተዘረጋ ጣቴ ይለካል። ስታንዳርዱ ደጅዎ ሲደርስ የሚያድግበትን ምክንያት ቢያስተምሩን፣ እኛም ልጆቻችንን እዚያው አምጥተን እናሳድግ ነበር።

፫ኛ. ጎረቤቴ ኤርሳዶ በቅርቡ ዐረፈ። ሚስቱ ንግሥቲ ስሜን አምና፣ ከድሮ ጀምሮ ለመግነዣ የሚበቃውን ያህል ክንድ አቡጀዲ አስለክታ ገዛች። በትሩን የያዝሁት እኔው ነበርሁ። ሲገንዙት ጨርቁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀረ፤ ነጠላዋን ቀድዳ እግሩን ሸፈነች። ከቀብር በኋላ መጥታ፣ ክንዴን አሞኝ እንደሆነ በርኅራኄ ጠየቀችኝ። ምነው በሰደበችኝ! ለዚህች ሴት የሚመለስ ቃል ከአዲስ አበባ ካመጡት መካከል ካለ እባክዎ ይላኩልኝ። እርስዎ አዘዙኝ እንዳልል፣ የጨበጥሁት በገዛ እጄ ነው፤ ሰው የተታለለውም በእርስዎ ስም ሳይሆን በእኔ ስም ነው። አፍሬአለሁ።

ስለዚህ በትሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። ክንዴ ጣቶቹ እንደ ተዘረጉ ዋርካው ሥር ይገኛል፤ የሚያምነው ከተገኘ።

ከእንግዲህ እጁን መጨበጥ የማይሆንለት፣ እጅ መንሳቱን ግን ያልተወ ትሑት አገልጋይዎ፣
እሸቴ
ሶዶ፣ ግንቦት ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

የተረሳ ቃል፦ የእኔ መግነዣ በዚያው በትር እንዲለካ ለባለቤቴ ለሳህሊቱ ተናዝዣለሁ። ዕድሜዎን እግዚአብሔር ያርዝመውና፣ የእርስዎም በዚያው እንዲለካ ለአማችዎ ከወዲሁ ይንገሩልን። ቁመትዎ ከኤርሳዶ ስለሚበልጥ ግን፣ ነጠላዋን ለእርስዎ የምትቀድ ሴት አብረው ቢያፈላልጉ ይሻላል።