«ተነሺ» የተባለው ዘፈንና ያረፈደው ድንኳን

ለተከበሩ አቶ እምሩ
የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ
ፒያሳ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ስኳርዎስ፣ ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነበርኩ፤ ባለፈው እሑድ በቴሌቪዥን ብቅ ብለው «የዝገት ባንድ ልጆች በዕድራችን እቅፍ ያደጉ ናቸው» ሲሉ እስክሰማዎ ድረስ። ስለዚህ ውለታዎን በአደባባይ ላመስግን ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሙዚቃ ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። የጎረቤቴ የወይዘሮ የሺዓለም ልጅ ቃለአብ ከጓደኞቹ ጋር ሜታል የሚሉትን በጩኸት የሚዘፈን ሙዚቃ የሚጫወት ዝገት የተባለ ባንድ አቋቁሞ «ተነሺ» የተሰኘውን ነጠላ ዘፈን በለቀቀ ጊዜ፣ እርስዎ ከሰው ስልክ ላይ ጩኸቱን ብቻ ሰምተው ልጁ ጋኔን እየጠራ ነው ብለው ፈረዱ። ጸበል ቦታ የሚጮኽ ሰው አይተው ስለሚያውቁ የሚጮኽ ሁሉ ያው መስሎዎት ይሆናል። ግጥሙን እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡት ኖሮ፣ የሚጠራው በሕመም አልጋ ላይ የዋለችውን እናቱን መሆኑን ይደርሱበት ነበር። እሷማ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታው፣ «እኔ ሲያመኝ መጮኽ አቃተኝ፤ ልጄ ጮኸልኝ» ብላኛለች። ለካ ሜታል ከእርስዎ ይልቅ ለእሷ ይገባት ኖሯል!

ሁለተኛ፣ የሺዓለም ያረፈች ዕለት ማለዳ ጡሩምባ ነፊው እንዳይነፋ አዘዙ። ልጁ መጀመሪያ ዘፈኑን ከዩቲዩብ ላይ ያጥፋ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቦም ይቅርታ ይጠይቅ፣ ድንኳኑ ከዚያ በኋላ ይወጣል አሉ። አስከሬኗ ቤት ውስጥ ተኝቶ! ኧረ ለመሆኑ ሰው እንዲህ ያደርጋል? በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ወጥ ስትሠራ፣ ሰሃን ስታጥብ፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ የኖረች ሴት ናት እኮ። ቃለአብ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ዘፈኑን አጠፋ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ድንኳንዎ ግን የደረሰው ከቀብር ስንመለስ ነው። እስከዚያ ድረስ አዛውንቶቹ ካርቶን አናታቸው ላይ ይዘው በዝናብ ቆመዋል። ለዚህም በጣም እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ልጁ ያጠፋውን ዘፈን አድማጮቹ ለካስ ቀድመው ቀድተው አስቀርተውት ኖሮ መልሰው ለቀቁት። የአራት ኪሎ ተማሪዎች ተቀባበሉት፣ ታክሲ ውስጥ ተከፈተ፣ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ጻፉለት። ያኔ ያ ጋኔን በየት በኩል ወጣ? ዓይንዎን በጨው አጥበው፣ ካባ ደርበው ካሜራ ፊት ቆሙ። ይባስ ብለው ባንዱ በዕድሩ ዓመታዊ በዓል ላይ «ተነሺ»ን እንዲጫወት ጥሪ ላኩ። ወቸ ጉድ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነውር አይቻለሁ፤ እንዲህ ተውቦ የመጣ ግን አላየሁም።

የልጁን መልስ እንዳደርስልዎ አደራ ተሰጥቶኛል። አይመጣም። በእርስዎ በዓል ብቻ ሳይሆን በየትኛውም መድረክ ላይ ያን ዘፈን መዝፈን አልቻለም፤ ሲጀምረው እናቱ አጠገብ ሆኖ ያጠፋበት ሰዓት ዓይኑ ላይ ድቅን ይልበትና ያቋርጠዋል። ከበሮ መቺዋ ሜላት ብዙ ለመነችው፤ እሺ ብሎ ይነሣና መልሶ ይቀመጣል። እንግዲህ ማስቆም የፈለጉት ዘፈን ቆሞልዎታል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ትንሽ እፍረት አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የዕድሩ አባልና የሟች ጎረቤት
አየለች

ማሳሰቢያ፦ የማይቀረው ቀን ለእርስዎም ሲደርስ ቤተሰብዎ እንዳይሠጋ አደራ ይንገሩልኝ። ጡሩምባው በማለዳ ይነፋል፣ ድንኳኑንም ቃለአብና ጓደኞቹ ሳይረፍድ ይተክሉታል። ልጆችዎ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚያዳምጡ የሚጠይቃቸው አይኖርም።