ያለ ፈቃድ ስለቆመው የኋላ በር

ለክቡር የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
(የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጠቀስኩት ከአክብሮት ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።)
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ ዘመን ከሥርዎ ሳይነቃነቅ ለኖረው ወንበርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ።

ቀጥሎ የማቀርበውን ቢቻል ተቀምጠው፣ አጠገብዎ ሰው ባለበት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ወር በዚህ በከተማችን፣ በእኔ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ የመሥሪያ ቤትዎ የመስክ መኪና የኋላ በር ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ በገዛ ራሱ ቆሟል። በክስተቱ የሞተም የቆሰለም ሰው የለም። ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አለመሆኑን የተረዳሁት ግን የመኪናውን ሹፌር፣ ጎረቤቴን ጀዕፈርን፣ በዚሁ ምክንያት ከሥራ ማገድዎን በሰማሁ ጊዜ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም እርሱን ወደ መኪናው መሪ እንዲመልሱት ነው። ቀድሞ በግል የጻፍኩልዎ ምናልባት ጉዳይዎ በዝቶ አልደረስዎትም ይሆናል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መኪናው የክትባት ቡድን ይዞ ወደ ባምባሲ ዙሪያ ቀበሌዎች የሚወጣ ነው። የኋላ በሩ ሲከፈት ግራና ቀኝ ገፍተው የሚያቆሙት ጋዝ የታመቀባቸው ሁለት ዘንጎች አሉ፤ ሾክ እንላቸዋለን። የዚህ መኪና ሾኮች አርጅተዋል። ማርጀት ደግሞ በእርስዎ ክፍል ዘንድ ማስረጃ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለላኩልን የቴክኒክ ኮሚቴ ውለታዎን መቼም አልረሳም። ጀዕፈር «በሩ አልቆም አለ» ብሎ ባመለከተ ቁጥር ኮሚቴው ሳይታክት መጥቶ አይቷል፤ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን በምታግልበት ሰዓት ነበር። ጋዝ ሲሞቅ ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል፤ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። በዚያ ሙቀት የደከመ ሾክም ጎረምሳ ይሆናል። ኮሚቴው በሩን ይከፍታል፣ ከሥሩ ይቆማል፣ «ይኸው ቆሟል፤ ምን ሁን ነው የምትሉት?» ይላል፣ «ጤናማ ነው» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። የክትባቱ የበረዶ ሳጥን የሚጫነው ግን ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ከመኪናው ጣሪያ ሳይደርቅ ነው፤ በሩም የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። መምህር ነበርኩና «ኡስታዝ» እያለ የሚጠራኝ ጀዕፈር ነገሩን ከእኔ ይልቅ አሳጥሮ ገልጾታል፦ «ወላሂ ኡስታዝ፣ ይሄ በር ጠዋት ጠዋት ሰው ይጠላል። ከሰዓት ኮሚቴ ሲያይ ይስቃል።» እባካችሁ አንድ ቀን ማልዳችሁ ኑ ብሎ ቢለምናቸው፣ ሰብሳቢው «የመንግሥት ሥራ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ብለው ሕግ አስተምረውታል። ከአባላቱ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ያኔ የሰጠሁትን ማርክ ዛሬ መልሼ መቀነስ ይፈቀድልኝ እንደሆነ የሕግ ክፍልዎ ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው መርምሮ እስኪጨርስ በጊዜያዊነት ስለመደቡልን ቀርከሃ። ክልላችን በቀርከሃ መታወቁ እሙን ነው፤ ቀርከሃን በመኪና በር ደጋፊነት ቀጥሮ መስክ ያሰማራው ግን የእርስዎ ክፍል ሳይሆን አይቀርም የመጀመሪያው። ቀርከሃው በታማኝነት አገልግሏል። በአንዱ ቀበሌ ብሪቱ የሚባሉ እናት የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ «ምርኩዝ የያዘው መጣ! ልጆቻችሁን አውጡ!» እያሉ መንደሩን ይጠሩ እንደነበር ጀዕፈር ነግሮኛል። አንድ ቀን ቀርከሃው ተረስቶ ቢቀር፣ እኒሁ እናት ከአጥራቸው አንድ ነቅለው አምጥተው፣ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ውይ! ይሄ መኪና ጧሪ የለውም እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ጀዕፈር የእርስዎን ስም ከመጥራት ተቆጥቧል። ታማኝነቱን ልብ ይበሉልኝ።

ሦስተኛ፣ ለክትባት ባለሙያዋ ለየወርቅውሃ ስላደረጉት እንክብካቤ። ይህች ከፓዌ ተመድባ የመጣች ልጅ አንድ ማለዳ ሳጥኑን ስትጭን ቀርከሃው በጤዛው ተንሸራተተ፣ በሩም ወርዶ ግንባሯን ተረተራት። ተሰፍታ፣ በፋሻ ታስራ፣ በዚያው ቀን መስክ ወጣች፤ በረዶ አይጠብቅማ። እርስዎም ነገሩ ከንክኖዎት «ከበር ሥር አላስፈላጊ መቆምን እንድታስወግድ» የሚል ማሳሰቢያ ላኩላት። ሳጥኑ በየት በኩል ይጫን የሚለውን ለሁለተኛው ማሳሰቢያ አቆይተውት ይሆናል። እሷ ማሳሰቢያውን እኛ ቤት ተቀምጣ አንብባ ጨርሳ፣ «አባቴ በሰፈራ ፓዌ ሲገባ እባብ ይነድፍሃል ብለው ያስፈራሩት ነበር። እሱ ምንም ሳይሆን እኔን በር ነደፈኝ!» ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቱ ስለሳባት ወዲያው አቆመች።

ባለቤቴ አስረሳሽ ግን አልሳቀችም። ወደ ግቢው ጥግ ዞራ ተመለከተች። እዚያ ከእናንተው መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ አዲስ ሾክ በገጠምኩላት ሰሞን ሞተሯ ያረፈ፣ ዛሬ የዶሮ ቤት የሆነች መኪና አለችኝ። «አንተ» አለችኝ፣ «ጤነኛ ሾክ ዶሮ ላይ አስረህ የሰው ልጅ ግንባር ይሰፋል። አታፍርም?» ክቡር ሆይ፣ ወንጀሉ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው፤ ዋና አስተባባሪዋም እሷ ናት።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ስለነበር፣ ጀዕፈር ማልዶ ስለሚወጣ ቤቱ የሚያሳድረውን መኪና ወደ ግቢዬ አስገባው። አሠራሩን ለክፍልዎ ማሠልጠኛ ይሆን ዘንድ እገልጻለሁ። መጀመሪያ በሩን የሚደግፍ ይቆማል፤ ቀርከሃው ቆመ፣ ቀርከሃውን ደግሞ አስረሳሽ ያዘችው፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ማንም እሱን ብቻውን አያምነውም። የሾኩ ሁለት ጫፎች በትንንሽ ኳሶች ላይ ተሰክተው በቀጭን ሽቦ ይያዛሉ። ሽቦውን በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ቀና ሲያደርጉት ጫፉ በአንድ ሳብታ ይወጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መፍታት አይገባም፤ አንዱ በዶሮዎቹ ሾክ ተተክቶ ነው ሌላው የሚነካው። ወፍራሙ ጎን ወደ ላይ ይሁን ወይስ ቀጭኑ በሚለው እኔና ጀዕፈር ተከራከርን። እኔ ወደ ንድፈ ሐሳብ ልገባ ስል፣ እሱ «ኡስታዝ፣ ሾክ ነው፣ ፈተና አይደለም» አለ። አስረሳሽ ከቀርከሃው ሥር ሆና፣ «ክንዴ ዛለ! ዶሮዎቹ በር ላይ እንዴት ነበረ? እንደዚያው አድርጉት!» ስትል ክርክሩ ተዘጋ። ቀጭኑ ወደ ታች ነው።

የሁለተኛው ሾክ ጫፍ ቀጭ ብሎ ሲገባ ጀዕፈር ቀርከሃውን ቀስ ብሎ ሳበው። በሩ ቆመ። ሰኞ ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ የወርቅውሃ እጇን ከላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አስገባች፣ አወጣች፣ «ቆይ ልመነው» ብላ እንደገና አስገባች። ያን ቀን ሳጥኑን በሁለት እጇ ጫነች።

አራተኛውን ነጥብ አስረሳሽ «ይኼስ ያሳስርሃል» ብላ ስላስወጣችው በቀጥታ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። በሩ ሲወድቅ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት መነሣት ያልቻለው ኮሚቴ፣ በሩ መቆሙን ሲሰማ ገና ጎህ ሳይቀድ ከጀዕፈር ደጅ ተገኝቷል። በሩን ከፈቱት፤ ቆመ። ጠበቁት፤ አልወደቀም። ተማሪዬ ሾኩን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ የኛ አይደለም» አለ፤ ከእርሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ነው። ከዚያ «የተሽከርካሪውን መደበኛ ይዞታ ያለ ፈቃድ በመቀየር» የሚለው እገዳ መጣ። ከሥሩም ቀርከሃው በአስቸኳይ ለንብረት ክፍል ገቢ እንዲሆን ታዟል። ቀርከሃው በአሁኑ ሰዓት የዶሮዎቼን በር ደግፎ በሥራ ላይ ነው። ኮሚቴው መጥቶ ሊያነጋግረው ይችላል፤ ከምሳ በኋላም ቢሆን።

እስከዚያ መኪናውና ሹፌሩ ታግደዋል። መኪናው ታሽጎ በግቢዎ ቆሟል። ጀዕፈር በልማድ ማልዶ ይነሣል፣ ልብሱን ለብሶ የእኔ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ እጁን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ጉልበቱን ይዞ ይውላል። ቀልድ የሚቀድመው ሰው ነበር፤ ሰሞኑን የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። የሚቆረቁረው የእሱ እገዳ እንዳይመስልዎ። ብሪቱ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ቀጠሮ በተሰጣቸው ቀን መንገድ ዳር ውለው፣ መኪናው ሳይመጣ መግባታቸውን ከባምባሲ የመጣ ሰው ነግሮታል። «ኡስታዝ፣ ሕፃኑ ቀኑ እያለፈበት ነው» አለኝ። ይህን እንዴት አድርጌ እንደማሾፍበት ስላላወቅሁ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እገዳው ይነሣ። አንድ ሰው የግድ መታገድ ካለበት እኔን ያግዱኝ፤ ጡረተኛ በመሆኔ ከምን እንደምታገድ ኮሚቴው እስኪወስን መኪናው ሁለት ዙር መስክ ደርሶ ይመለሳል። ሾኮቹን ከነክብራቸው ለመንግሥት በስጦታ አበርክቻለሁ፤ ምስጋና አልፈልግም፣ መጥሪያ እንዳይመጣብኝ እንጂ።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ሳይሰጡኝ ለሚቀሩትም የተረጋጋ ዝምታ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ቁርጥማቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ እጅ እየነሣሁ፣

የክቡርነትዎ አድናቂ፣ የዶሮዎች ባለንብረት፣
ደባልቄ አሰጌ
ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር
አሶሳ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ ዛሬ ማለዳ ስወጣ፣ «መኪናው ታሽጎ በግቢዎ ቆሟል» ያልኩት ስሕተት ሆኖ በማግኘቴ አንባቢንም ክቡርነትዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መኪናው የእህትዎ ልጅ ከሚሞሸርበት ቤት ደጅ፣ ጤዛ እንደለበሰ፣ የኋላ በሩን ከፍቶ ይገኛል። ክቡርነትዎም እስከ ወገብዎ ወደ ውስጥ ገብተው የለስላሳ ሳጥን ሲደረድሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሩ አልወደቀብዎትም። በመሆኑም «መኪናውና ሹፌሩ ታግደዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ሹፌሩ ታግዷል» ተብሎ ታርሞ እንዲነበብ በአክብሮት አሳስባለሁ።