አባባ ያለበት ኮምፒውተር

ለታናሽ ወንድሜ ለሀምዳን አባቦራ፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከመታመሟ በቀር ደህና ናት። ጤናህን የጠየቅሁህ ሰላምታ የሙስሊም ሐቅ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ከተቀየምኩህ ሦስት ሳምንቴ ነው። ስልክህን ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። በስልክ አፌን ታዘጋኛለህ፤ ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

የቤቱ ኮምፒውተር በቫይረስ እንደተጨማለቀ አውቃለሁ። ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ፋይሉ ሁሉ ስሙ ብቻ የቀረ፣ የማይከፈት ሾርትከት ይሆናል። ያንን ሳይገዛ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ አጥፍተሽ ነፃውን ሊኑክስ ጫኚበት ያልከኝ ምክር ልክ ነበር፤ ሐቁን አልክድም። ግን አባባ ሐሙስ ሐሙስ የቀዳቸው መንዙማዎች እዚያው ውስጥ ነበሩ። ከሞተ ወዲህ እማዬ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ሳትሰማው አታድርም። እነሱስ ምን ይሁኑ ስልህ፣ "ቅጂው እኔ ጋ አለ፣ ዝም ብለሽ ሁሉንም አጥፊው" አልከኝ።

አባባን ረሳኸው መሰለኝ። አሰንዳቦ ገበያ ከገበሬ ቡና ሲሰበስብ የጆንያ አፍ አይቶ ገዝቶ ያውቃል? እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከሥር ዘግኖ ነበር የሚያየው። እኔም የሱ ልጅ ነኝና አንዱን መንዙማ መልሰህ ላክልኝ፣ ከፍቼ ሰምቼው ከዚያ አጠፋለሁ አልኩህ። ወንድምሽን አታምኚም ወይ ብለህ ተቆጣህ። አላመንኩህማ።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ኮምፒውተር የምትጠግነው ፀደንያ ጋ ወሰድኩት። በመጀመሪያ ሠላሳ አንዱንም መንዙማ በሁለት ፍላሽ ቀዳን፤ በሷ ላፕቶፕ አንድ በአንድ ከፍተን ሰማን። ሊኑክሱን ያወረደችው ከራሱ ድረ ገጽ ነው። ያወረደችውን ፋይል መለያ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ሳታስተያይ አልጫነችም፤ አንዲት ፊደል ከተለየች የሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው አለችኝ። ዲስኩንም በይለፍ ቃል ቆለፍነው። የይለፍ ቃሉን እኔና እማዬ እንጂ አንተ አታውቀውም።

አንተ ደግሞ ይሄኔ ነው የራስህን ፍላሽ ከፍተህ ባዶ ሾርትከት ብቻ ያገኘኸው። ሚስትህ ዩምና ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትናገራት። እኔ ሁሉን አጥፍቼ የጨረስኩ መሰለህና፣ ዐይንህን በጨው ታጥበህ አሰንዳቦ አክስታችን ዙቤይዳ ጋ ደወልክ፤ ናኢማ የአባባን ድምፅ አጠፋችው አልክ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ለእኔ እንኳ አልደወልክም። አክስቴም ለእማዬ ነገረቻት። ኮምፒውተሩም ፍላሾቹም ገና ፀደንያ ዘንድ ነበሩና ብምል ብገዘት የሚያምነኝ አጣሁ። እማዬ አራት ቀን አላናገረችኝም። አራት ቀን፣ ሀምዳን! ያቀረብኩላትን እንኳ አልበላችም።

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩ ቤት ገባ። አንዱን መንዙማ ከፈትኩላት። መሃል ላይ በር ሲንኳኳ ይሰማል። አባባ ዜማውን ያቋርጥና ቤት መግባትህን በኦሮምኛ ይጠይቃል፤ "ሀምዳን ጋሌ?" ይላል። እማዬ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ይመስል፣ "ሂን ጋሌ" አለችው። አልገባም አለችው።

አሁን ቅጂውን በስልክ ላኩልኝ ትላለህ አሉ። አልልክም። መጀመሪያ ለአክስቴ ደውለህ የዋሸሁት እኔ ነኝ በል። ከዚያ ጅሬን መጥተህ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጠህ ትሰማዋለህ።

ዩምናን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም። ትንሹን ሙኒርን ሳምልኝ። ፀደንያም ሰላም ብላሃለች፤ ፍላሽህን ጣለው ብላለች። እማዬ ወገቡን ከብርድ ይጠብቅ ትልሃለች። ለአባባ የመለሰችለትን ግን አትጻፊለት፣ ልጄ ይከፋዋል ብላኝ ነበር። እኔ ጻፍኩት።

እኅትህ ናኢማ
ጅማ፣ ጅሬን
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.