ከግድግዳው ሥር የሰማሁት ውሃ

ለምወድህ ለጌትነት፣ ለልጄ አባት፤

አጠገቤ ተቀምጠህ እንደማወራህ አድርጌ ልጻፍልህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ሜዳው ሁለት ጊዜ ሩዝ አበቀለ፤ ሁለት ጊዜም ታጨደ። ሰዉ ሁሉ "ጊዜ ያስረሳል" ይለኛል። እኔ ግን እስካሁን ከገበያ ስመለስ፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጣራለሁ። ትሠራበት የነበረው የሩዝ መፈልፈያ ጩኸት ጆሮህን አደንዝዞት ስለነበር ጮክ ብሎ ማውራት ለምዶብኝ ቀርቷል። ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን ዘሐራ አንድ ቀን ስጣራ ሰምታኝ አለቀሰች።

ዛሬ የምጽፍልህ ቤታችን ላይ የደረሰውን ልነግርህ ነው። አትደንግጥ፤ አልፏል።

ክረምቱ ሲወጣ ከአልጋችን ራስጌ ያለው ግድግዳ ረጠበ። የፎገራ ክረምት ነው፣ ቤቱም እንደ ሜዳው ውሃ ጠግቧል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል ብዬ ተውኩት። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም አለፈ። ግድግዳው ግን ጭራሽ ጠቆረ። ፍራሹ ሻገተ። አንተ የቀባኸው ኖራ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ፤ ምስጥም ገባ። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለኝ። ለካስ የግድግዳው ቋሚ እግሩ በስብሶ መቃኑ ዘምሟል።

ወንድምህን አበጀን ከቁሐር ሚካኤል አስጠራሁት። ቋሚውን በማጭዱ ጫፍ ቢወጋው እንደ ራሰ ዳቦ ገባለት። "እታለም፣ ይህ ቤት ደክሟል። ሳይወድቅብሽ ውጪለት" አለኝ። ትዕግሥትም ከባሕር ዳር እየደወለች "እማዬ፣ ቤት ይተካል፤ አንቺ ግን አትተኪም። ነይልኝ" ትለኝ ነበር። ክፉ አልመከሩኝም። ልብስህን ከሣጥን እያወጣሁ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ጋቢህ ላይ ስደርስ ማጣጠፌን ተውኩ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ የት ሆኜ ነው የምናፍቅህ?

ፍንጩን ያገኘችው ዘሐራ ናት። በመስኮታችን ሥር ስታልፍ ቆማ ቀረች። ጊዜው ጥር ነው፤ ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ከመስኮታችን ሥር ያለው ሣር ግን ለምልሟል። "አገርነሽ፣ ይህ ሣር ከማን ጠጥቶ ነው?" አለችኝ። ተያየን። የጓሮውንም የመታጠቢያውንም ቧንቧ ጠርቅመን ዘጋንና ቆጣሪውን ሄደን አየነው። አንዲት ጠብታ ሳንቀዳ ትንሿ መዘውር ትዞራለች።

አበጀ ተመልሶ መጣና "ቧንቧው በየት በየት ነው የሚያልፈው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምኑን አውቄ! የቀበርከው አንተ፤ መንገዱንም ይዘኸው ሄደሃል። እሱ ግቢውን በሙሉ ሊቆፍረው ዶማ ሲያነሣ፣ አንተ ቦዩን የቆፈርክበት ቀን ድንገት ትዝ አለኝ። ትዕግሥትን አዝዬ የዘይቱኗን ሥር እንዳትቆርጥ እለምንህ ነበር። "ለአንቺ ሲባል ቧንቧም ይጎብጣል" ብለህ ሳቅህና፣ ዛፏን ዞረህ ወደ መኝታ ቤቱ ማዕዘን ቆፈርክ። ላብህ በግንባርህ ሲወርድ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁልህ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብዬ አስታውሼው አላውቅም። "በዘይቱኗ በኩል ዞሮ ነው" አልኩት።

በደረቴ ተኝቼ ጆሮዬን ከመሬት ለጠፍኩ። የሩዝ ወፍጮዎቹ እያጓሩ ምን ይሰማል! ደግነቱ መብራት ጠፋ፤ ከተማችን ወረታ በአንድ አፍታ ጸጥ አለች። እየተሳብኩ ማዕዘኑ ጋ ስደርስ፣ እባብ ሲተነፍስ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ከሥር መጣልኝ።

"ጌትነት፣ ሰማሁት!" ብዬ ጮህኩ።

ቀና ስል አበጀ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል፤ ዘሐራም ዓይኗን በሻሿ ሸፍናለች። አንተ የማትሰማውን ስሰማልህ የኖርኩ ሰው ነኝ። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ልጅ ስታለቅስ፣ ሁሉንም እኔ ነበርኩ የምነግርህ። የሰማሁትን የምነግረው ሰው እንደሌለኝ በቀብርህ ዕለት እንኳ እንዲህ አልገባኝም።

አበጀ ቆፈረ። ከማዕዘኑ ሥር ያለው መጋጠሚያ ተሰንጥቆ ውሃው ወደ ግድግዳው እግር ሲገባ ኖሯል። ዋልካው በክረምት እያበጠ በበጋ እየተኮማተረ ቧንቧውን ሲጎትተው ኖሮ ነው አሉኝ። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ቀየረው፤ መዘውሯም ቀጥ አለች።

ግድግዳው ግን አልዳነም። ኖራው ሲላጥ ከሥሩ ጭቃውን የለሰንክበት የጣቶችህ ፈለግ ብቅ ብሎ ነበር። አበጀ ሊያፈርሰው ሲል "ይችን ብቻ ተውልኝ" ብዬ ለመንኩት። "እታለም፣ እሷን ብተዋት ጣሪያው ይመጣብሻል" አለኝ። እጄን በጣቶችህ ፈለግ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። ከዚያ ዞር አልኩለት።

መንደርተኛው ወጥቶ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ መረገልን። ሥሩን በድንጋይ አነሡት፤ ቋሚውም ተቀየረ። አሁን ደርቋል፤ በሩም ይዘጋል። አዲሱን ግድግዳ ግን ለመላመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ትዕግሥት መጣች። ልትወስደኝ የመጣች መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና "እማዬ፣ እዚህ ልውለድ? እዚህ ታርሺኛለሽ?" አለችኝ። በስልክ አልነገረችኝም ነበር። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ የደስታም ያንተም ለቅሶ ነበር። በነጋታው ግቢውን ይዣት ዞርኩና ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ አሳየኋት። ከእንግዲህ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ጌትነት፣ በየወሩ በሚካኤል ዕለት ስምህን ቤተ ክርስቲያን አስጠራለሁ። መታሰቢያህ ግን በዚያ አያበቃም። የሚወለደው ልጅ አያቴ ማን ነበር ብሎ እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም። በምን እንደምትስቅ፣ ስትቆጣ እንዴት ዝም እንደምትል እነግረዋለሁ። ከሥራ ስትገባ የሩዝ ገለባ ብናኝ ጠጉርህንና ቅንድብህን አልብሶህ፣ ያለዕድሜህ የሸበትክ ሽማግሌ ትመስል እንደነበርም እነግረዋለሁ። እርጅናህን ያየሁት በዚያ ብቻ ነው።

ያንተው
አገርነሽ