አባባ ስልክህን ያላነሳበት ምክንያት

ኦቾሎ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ደህና ካፖርት ግዛ ብልህ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳልክ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼሃለሁና በወረቀት አልደግመውም። ባለፈው ስትደውል፣ አባባ ስልኬን የማያነሳው ተቀይሞኝ ነው ወይ ብለህ ስታለቅስ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዘጋሁብህ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሸማኔ ምን ሥራ ይበዛበታል!

እውነቱን በስልክ እንዳልነግርህ የስደተኛ ቢሮ ሰዎች ስልካችንን ከፍተው ያያሉ ብለኸኛል። ይህን ደብዳቤ በእጇ የምታደርስልህ ለትምህርት ወደዚያ የምትመጣው የጎረቤቴ ልጅ ሃና ናት። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

ያንን ፎቶ መቼም አትረሳውም። ከሦስት ዓመት በፊት ጥገኝነት ስትጠይቅ፣ አባቴ ሞቷል፣ ብመለስ የሚቀበለኝ የለም ብለህ ተናገርክ። ከዚያ ማስረጃ አምጣ አሉኝ እያልክ መውጫ መግቢያ አሳጣኸኝ። በዚያው ሰሞን ታች ከተማ ሲቀላ፣ የሱቄ ጎረቤት የልክነሽ ባል አርፎ፣ ግቢዋ ድንኳን ተጥሎ ነበር። መስታወቱን ላሠራው ብዬ፣ በምርቃትህ ቀን የተነሳውን የአባባን ፎቶ ከኦቾሎ ይዤ ወረድኩ። ልክነሽን እንዴት ብዬ እንደጠየቅኋት እንጃ። ለቀስተኛው ምሳ ሲበላ ራሷ ተነስታ የባሏን ፎቶ ከአበባው መሐል አነሳች፣ የአባባን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኑ ተቀመጠች። እኔ በስልኬ አነሳሁ። ከዚያ የባሏን ወደ ቦታው መለሰች፤ እኔም ላኩልህ። አንተ ደግሞ ደርሶኛል ብለህ ብቻ ጻፍክ። እሱን እስከ ዛሬ አልረሳልህም።

ባለፈው ጥር ዘሚካኤል የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ አንድ ካሜራና አራት ሰው ይዞ መጣ። ደጋፊ የሌለው፣ በራሳቸው ጥረት የሚሠሩት ፊልም ነው። ታሪኩ ሰው አገር ሄዶ ጥገኝነት ስለሚጠይቅ ልጅ ነው። የልጁን አባት ሆኖ የሚጫወት ሽማግሌ ሸማኔ ሲፈልጉ አባባን አገኙ። ሦስት ቀን ሙሉ ሸማ ሲሠራ ቀረጹት። ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያየው ሁሉ ሙሽራ ነህ ወይ ይለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ላይ ከተማ ሴቻ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ የውጭ አገር ቢሮ አስመስለው ሲቀርጹ አብሯቸው ሄደ። ተዋናዩ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ፣ አባቴ ሞቷል፣ የምመለስበት ቤት የለኝም አለ። አባባ ከጥግ ሆኖ የሞተው የማን አባት ነው ብሎ ጠየቀ። እርስዎ ነዎት አሉት እየሳቁ። ዘሚካኤል ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ አስረዳው። አባት ያለውን ልጅ ወደ አባትህ ተመለስ ይሉታል፣ ስለዚህ ብዙ ልጆች እንዲህ ይላሉ አለው። አባባም አብሯቸው ሳቀ።

ከሴቻ በእግሩ ወርዶ ሱቄ መጣ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ፣ ያኔ ላሠራው ብለሽ የወሰድሽው ፎቶ ለዚህ ነበር ወይ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። መሬት መሬቱን ሳይ፣ ማን አለቀሰልኝ ብሎ ጠየቀኝ። ልክነሽ አልኩት። ደህና ሰው ናት አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

በነጋታው ፊቴን ከፊልሙ አውጡልኝ ብሎ ዘሚካኤልን ለመነው። ፊልሙ ውጭ አገር እንዲታይ ነው የታሰበው። አባባ፣ እዚያ እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ፣ ሸማ ስሠራ ካዩኝ ልጄን ይመልሱብኛል አለው። ዘሚካኤል እንባው መጣ። በመጨረሻ እጁን ብቻ አስቀሩ፤ እጅ የማንም ሊሆን ይችላል። ስልክህን ማንሳት የተወው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም ይለኝና ይስቅ ነበር። አንተ ስትደውልልኝ ግን ድምፁን ከፍ አድርጊው ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሰማህ ነበር። ያለቀስክ ቀንም አጠገቤ ነበር።

ነሐሴ ላይ ታመመ። ሽማግሌዎች መጡ። የአገራችንን ነገር ታውቃለህ፤ በሕይወት ያለን ሰው ሞቷል ማለት ጎሜ ነው፣ ካልተናዘዙት በሽታ ይዞ ቤት ይገባል። ታምኚያለሽ ወይ ብትለኝ አላውቅም። የተደበቀ ነገር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ ግን ልናገር ብድግ አልኩ። አባባ ከአልጋው ሆኖ ነጠላዬን ያዘኝ፤ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ልጆቼ የበደሉት የለም፣ የተደበቀም የለም አለ። እዚያ ከተቀመጡት ስንቱ አንተ ያለህበት አገር ልጅ እንዳለው አስቦ ነው፤ ወሬው እንዳይደርስብህ። በዕድሜዬ ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተናደድኩበት። ባንተም ተናደድኩ። ፎቶውን ባነሳው እጄም ተናደድኩ።

ሱቄን ከዘጋሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ መጻፊያ ጥግ ያገኘሁት በመከራ ነው። ስልኩን ለፎቶ የሚያወጣውን ሁሉ እቆጣለሁ፣ ምን ነካት ይሉኛል። አንድ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ከለጠፈ የአባባ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አንተም ጥቁር እንዳትለብስ፤ ያገር ልጆች ምነው ብለው ይጠይቁሃል። ልቅሶህን ከሦስት ዓመት በፊት የጨረስክ ሰው ነህ። ካልቻልክ በርህን ዘግተህ አልቅስ፣ ወንድሜ። አልተቀየመህም።

ለቃለ መጠይቅ መልሰው ሲጠሩህ ደግሞ፣ ስለ አባትህ ቢጠይቁህ እንዳትንተባተብ። ከእንግዲህ በወረቀትህ ላይ የተሳሳተው ቀኑ ብቻ ነው።

አምላክ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። አንገትህን ቀና አድርገህ የምትሄድበትን ቀን ያሳየኝ። የእኔንም የአንተንም ይቅር ይበለን።

ታላቅ እህትህ