የአባታችን ፈረስ ደወል

ለውድ እህቴ ለጉንቮር፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ያስቸግርሻል? ባልሽ ዴዝሞንድስ ከልብ ሕመሙ አገግሞ አትክልቱን መኮትኮት ጀመረ? እናንተ ታዝማኒያ ላይ ፀሐይ ትሞቃላችሁ፤ እዚህ ምሳ ሳይወርድልን ይጨልማል፣ ሐይቁም ከዳር ዳር በረዶ መያዝ ጀምሯል። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ሌላውም ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ባለፈው በስልክ «በዚህ ዕድሜህ ዛሬም ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ታመሻለህ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ከእንግዲህ የምትስቂበት የለም፤ ከሩቅ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የምጫወተው ጨዋታ ተዘግቷል። ባለቤቶቹ አላተረፈልንም ብለው፣ ስሕተት በሞላው የሁለት መስመር ማስታወቂያ አንድ ዓለም አጠፉ።

ያንን ዓለም ባየሽው! ግራጫ ወደብ የምትባል መንደር ነበረችን። ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ የመጠጥ ቤቱን መስኮት ሲያለብሰው ብርዱ እዚህ ክፍሌ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ዘንዶ ገድሎ ወርቅ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ምድጃውን ከበን በየተራ ታሪክ እናወራ ነበር። እኔ እዚያ ስሜ ጀልባ ቀዛፊው ነበር። አንድ ሕግ ነበረን፤ የውጭውን ዓለም ስም፣ ሥራና ሕመም እዚያ ማንሣት ክልክል ነው። የጣሰ ለቤቱ ሁሉ አንድ በርሜል ቢራ ይጋብዛል። ሕጉን ከማንም በላይ የማስከብረው እኔ ነበርኩ።

በጸደይ አንድ ደወል ደዋይ መጣ። ፌዘኛ ነው። «አንተ ቀዛፊ፣ ጢምህ ውስጥ ዓሣ ታረባለህ እንዴ?» እያለ ሰዉን ያስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ተራው ደረሰና የአባታችንን ፈረስ ታሪክ አወራ፤ በረዶው ተሰብሮ ሐይቅ የገባውን፣ አባባ ደወል እያቃጨለ ወደ ዳር የጠራውን። ያ ታሪክ ከእኛ ቤት የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ከሳውናው ወጥቶ አያውቅም። አልቫር ነበር፣ ጉንቮር። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ከወጣና ከተጣላን ወዲህ ስልኬን የማያነሣው ልጄ።

ሲያወራ ግን ደወሉን የብረት አደረገው። አላስቻለኝም፤ «የናስ ነበር» አልኩት። «ቀዛፊው፣ እዚያ ነበርክ እንዴ?» አለኝ። ከተሳፋሪ ነው የሰማሁት አልኩት። ዐውቆኛል፣ ከነገ ጀምሮ አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ግን አልቀረም። በጋውን ሙሉ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ሁሉም ሕጉን ጣሰ። መድኃኒት ቅጠል ሻጯ የትሮንሄም ከተማ ጥርስ ሐኪም ሆና ተገኘች። ስልክ የሚለዋወጠው፣ የሚያለቅሰው ብዙ ነው። ደወል ደዋዩ ወደ እኔ ዞረና «እሺ ቀዛፊው፣ እውነተኛ ስምህ ማነው? ተናገር፣ በርሜሉን እኔ እችልልሃለሁ» አለኝ። «እዚህ ያለኝ ስም አንድ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ላስቀው ብዬ ነበር። እውነተኛ ስሜን ለመጻፍ እጄን ስመልስ የኮምፒውተሩ ገጽ ጨለመ። እነዚያ እርጉሞች ከተናገሩት ሰዓት ቀድመው አጠፉት!

በማግስቱ ለአልቫር ደወልኩለት፤ አላነሣም። ከዚያም በኋላ አላነሣም። ሌላ የምንገናኝበት ቦታ የለንም፣ ይኖረናልም ብዬ አላስብም።

ዴዝሞንድን በጓሮው ብዙ እንዳይጎነበስ ንገሪልኝ። ልጅሽን ሲግኔን ከነልጆቿ ሳሚልኝ፤ ትንሿ መዋኘት መቻሏን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አልቫር ደግሞ ለገና ላንቺ መደወሉ አይቀርም፤ አንቺን ያከብርሻል። አትምከሪው፣ ስለ እኔም አትለምኚልኝ። የአባባ ደወል እዚህ ቤቴ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ናስ ነው፣ ዛሬም አይቼዋለሁ። የፈረሱን ነገር ካነሣብሽ ግን ደወሉ የብረት ነበር በይው። ቀዛፊው መሳሳቱን አምኗል በይው።

ወንድምሽ ቶርስተን
ኦስተርሹንድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.